ከፋይም፣ ቀባሪም፣ ተቀባሪም

እሷ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የምትኖር ሠዓሊ ናት። እሳቸው አጎቷ ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸውን አዲስ አበባ በኦዲተርነት ጨርሰው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈራቸውን እድር በዳኝነት መርተዋል። አሁን ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ ናቸው። የጨዋታው መነሻ አንድ ደብዳቤ ነው፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ሌላም ጉዳት ያለባቸው አርቲስቶች የሚሠሩበት አንድ አነስተኛ የሥነ ጥበብ ማዕከል የቦርድ አባል እንድትሆን ጠይቋታል። የማዕከሉን ስም አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እሳቸው፦ ደመወዙ ስንት ነው?

እሷ፦ ደመወዝ የለውም ጋሼ። እንዲያውም ከፋይዋ እኔ ነኝ። ብዙ የአሜሪካ ቦርዶች አባሎቻቸውን «በዓመት ይህን ያህል ከኪስህ ስጥ፤ ካልሆነልህ ከወዳጆችህ ለምነህ አምጣ» ይላሉ።

እሳቸው፦ እድር ነው በይኛ! መዋጮ አለ፣ ሊቀመንበር አለ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ምን ጎደለው?

እሷ፦ ተቀባሪው።

እሳቸው፦ ምን አልሽ?

እሷ፦ በእድር በየወሩ የሚከፍለው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ የሚከራከረው፣ ቀኑ ሲደርስም የሚቀበረው ያው አንድ ሰው ነው። ድንኳኑ ቢቀደድ ዝም አይልም፤ ነገ በራሱ ለቅሶ ላይ ዝናብ እንደሚገባ ያውቃል። እዚህ ግን ገንዘቡን የሚሰጠው አንድ ወገን፣ የሚወስነው ሌላ ወገን፣ የሚወሰንለት ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው። ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የማያውቁባቸው ማዕከሎች ሞልተዋል።

እሳቸው፦ እኔም ጉድለት የማገኘው እዚያው ክፍተት ላይ ነበር። የሚከፍለው አያይም፤ የሚያየው አይጠየቅም፤ የሚጎዳው አይናገርም። በይ እሺ፣ ይህ ቦርድ ምንድን ነው የሚወስነው? ሥዕሉ ቀይ ይሁን ሰማያዊ ይላል?

እሷ፦ እሱን ማለት የጀመረ ቀን አለቀለት። የቦርድ ሥራ ጥቂት ነው፤ ግን ከባድ ነው። ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ይገመግማል፣ ሲያስፈልግ ያሰናብታል። በጀት ያጸድቃል። ማዕከሉ የተቋቋመበት ዓላማ በገንዘብ እጥረት ወይም በገንዘብ ብዛት እንዳይሸረሸር ይጠብቃል። ምን ቀለም ይገዛ፣ የትኛው ሥራ ዐውደ ርዕይ ላይ ይውጣ፣ ማን የትኛው ጠረጴዛ ላይ ይሥራ የሚለው የሥራ አስኪያጁና የስቱዲዮው ሰዎች ፈንታ ነው።

እሳቸው፦ እኔ የማውቃቸው ቦርዶች ወይ ለፊርማ ብቻ የሚመጡ ናቸው፣ ወይ የግዢ ኮሚቴ ሆነው የወረቀትና የቶነር ዋጋ ሲከራከሩ የሚያመሹ ናቸው። መካከለኛውን እስካሁን አላየሁም።

እሷ፦ እዚህም ሁለቱም አሉ። ግን ማየት ከፈለጉ እዚሁ ኦክላንድ፣ 24ኛው መንገድ ላይ፣ ክሪኤቲቭ ግሮውዝ የሚባል ማዕከል አለ። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው ጋሼ) ኢላያስ ካትስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባለቤቱ ሠዓሊዋ ፍሎረንስ ሉዲንስ ካትስ በቤታቸው ጋራዥ ጀመሩት።

እሳቸው፦ ለምን በዚያ ጊዜ?

እሷ፦ ካሊፎርኒያ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለረጅም ዘመን በትላልቅ የመንግሥት ተቋማት አጉራ ታኖር ነበር። በ1969 ላንተርማን የሚባለው ሕግ ወጣ፤ ሰዎቹ በቤተሰባቸውና በሰፈራቸው እየኖሩ አገልግሎት የሚያገኙበት መንገድ ተጀመረ። እንግዲህ ከተቋም የወጣ ሰው ቀኑን የት ይዋል? የተለመደው መልስ ዕቃ መለየትና ማሸግ ነበር። ባልና ሚስቱ «ሥዕል» አሉ። መድኃኒት ወይም የጊዜ ማሳለፊያ አድርገው አላሰቡትም፤ ሙያ ነው አሉ። በኋላ በዚሁ በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ ሁለት ተመሳሳይ ማዕከሎች፣ ናያድንና ክሪኤቲቪቲ ኤክስፕሎርድን መሠረቱ፤ በ1990 ደግሞ እንዲህ ያለ ማዕከል እንዴት እንደሚቋቋም የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ።

እሳቸው፦ መጽሐፍ መጻፋቸው ደስ ይላል። መሥራች ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ይዞት ይሞታል።

እሷ፦ በዚያን ጊዜ ጎረቤቱ በርክሊ ውስጥ ሌላ እንቅስቃሴ ነበር። በፖሊዮ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ያቃተው ኤድ ሮበርትስና ጓደኞቹ በ1972 ሴንተር ፎር ኢንዲፔንደንት ሊቪንግን አቋቋሙ። ስለ አካል ጉዳተኛ ኑሮ ከራሱ ከአካል ጉዳተኛው የሚበልጥ አዋቂ የለም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ያ አቋማቸው በኋላ በፌዴራል ሕግ ውስጥ ገባ፤ በዚያ ሕግ ከሚደገፍ ማዕከል የቦርድ አባላት አብዛኞቹ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው መሆን አለባቸው።

እሳቸው፦ ይኸው እድር!

እሷ፦ እሱ አዎ፣ እድር ነው። የሥነ ጥበብ ማዕከሎቹ ግን ከሌላ ቤት ነው የተወለዱት። መሥራቾቻቸው ባለሙያዎችና ወላጆች ናቸው። በፍቅር መሥርተዋቸዋል፤ ቢሆንም ወንበሩ ከመጀመሪያው ቀን በሌላ ሰው ተይዟል።

እሳቸው፦ ወላጅ ቢመሠርት ምን ክፋት አለው? ዘሚ የኑስ ባትኖር አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝምን ማን በአደባባይ ያወራው ነበር? ለልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ ነው ጆይ ማዕከልን የከፈተችው። እነዚያን ልጆች ሰው በጓዳ ይደብቃቸው ነበር እኮ።

እሷ፦ ምንም ክፋት የለውም። ወላጅ ባይጮኽ አንዱም አይኖርም ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ አርባ ዓመት ሲሞላው ስብሰባ ላይ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። እናቲቱ አሁንም «ልጄ ይህን ይወዳል» እያለች ከሆነ፣ እሱስ መቼ ነው «አልወድም» የሚለው?

እሳቸው፦ ይህንን ያዢው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ስቱዲዮው ንገሪኝ። ሥዕል ያስተምሯቸዋል?

እሷ፦ አያስተምሯቸውም። የስቱዲዮው ሠራተኞች ራሳቸው አርቲስቶች ናቸው፤ ቁሳቁስ ያቀርባሉ፣ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ ይጠብቃሉ። እጅ ይዞ ማሣል ነውር ነው። የጁዲት ስኮትን ታሪክ ልንገርዎት፤ ለኦዲተር የሚሆን ታሪክ ነው። በ1943 ኦሃዮ ውስጥ ከመንትያ እህቷ ከጆይስ ጋር ተወለደች። ዳውን ሲንድረም ነበረባት። ጆሮዋም አይሰማም ነበር፤ እሱን ግን ለዓመታት ማንም አላወቀላትም፤ አለመመለሷን እንደ አለመረዳት ቆጠሩባት። በሰባት ዓመቷ ከእህቷ ነጥለው፣ መማር አትችልም ብለው፣ ተቋም አስገቧት። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ እንዲያ ኖረች። ጆይስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሕጋዊ ሞግዚቷ ሆና ወደ ካሊፎርኒያ አመጣቻትና በ1987 ክሪኤቲቭ ግሮውዝ አስገባቻት።

እሳቸው፦ ከዚያስ?

እሷ፦ ምንም።

እሳቸው፦ እንዴት ምንም?

እሷ፦ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምንም። ቀለም ሰጧት፣ እርሳስ ሰጧት፤ ትንሽ ትሞነጫጭርና ትተወዋለች። ከዚያ ሲልቪያ ሰቨንቲ የተባለች የክርና የጨርቅ ሥራ አርቲስት ወርክሾፕ ልታካሂድ መጣች። ጁዲት ክር አነሳች። ያገኘችውን ዕቃ በክር መጠቅለል፣ ማሰር፣ በላዩ መደረብ ጀመረች። እስከ ሞተችበት እስከ 2005 ድረስ አላቆመችም። አንዳንዶቹ ሥራዎቿ ሰው ያክላሉ። ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ናቸው፤ ብሩክሊን ሙዚየም በ2014 ሰፊ ዐውደ ርዕይ ከፍቶላታል።

እሳቸው፦ ሁለት ዓመት! ልጄ፣ ያንን ሂሳብ እኔ ብመረምረው «ለተጠቃሚዋ የወጣው ወጪ ውጤት አላሳየም» ብዬ ነበር የምጽፈው። ከሥሩም አሰምርበት ነበር።

እሷ፦ ለዚህ ነው የነገርኩዎት። ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠብቀው ሠራተኛው ነው፤ ሠራተኛው መጠበቅ እንዲችል ከላይ ሆኖ የሚከላከልለት ግን ቦርዱ ነው። ገንዘብ ሰጪ መጥቶ «በሦስት ወር ውስጥ ስንት ሥራ ተሠራ?» ሲል ቦርዱ ደንግጦ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዞራል፤ ሥራ አስኪያጁ ስቱዲዮውን ይቆጣል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት እጇን ተይዛ አበባ ትስላለች።

እሳቸው፦ ለሪፖርት የሚሆን አበባ።

እሷ፦ ግድግዳ ላይ፣ ከነፍሬሙ!

እሳቸው፦ ነገር ግን ዝም ብዬ አልለቅሽም። «እየጠበቅን ነው» ማለት የሰነፍ መሸሸጊያም ሊሆን ይችላል። ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ሁለት ዓመት ጥግ ላይ ተቀምጣስ ቢሆን? በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። መጠበቅንና መርሳትን በምን ትለያቸዋለሽ?

እሷ፦ እርስዎ በምን ይለዩታል?

እሳቸው፦ የሥራውን ቁጥር ትቼ ሙከራውን እመረምራለሁ። በዚህ ሳምንት ምን ቀረበላት? ማን አቀረበላት? ምን አደረገች? ክሩ ከመምጣቱ በፊት ስንት ዓይነት ነገር ተሞክሮ ነበር? መዝገቡ ይህን ካሳየ ጥበቃ ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መጋዘን ነው። ይህን መጠየቅ የቦርድ ሥራ ይመስለኛል፤ ስቱዲዮ ገብቶ ብሩሽ ማንሳት አይጠይቅም።

እሷ፦ እሱን ልጻፈው።

እሳቸው፦ ጻፊው። አሁን ወደ ገንዘቡ ውሰጂኝ።

እሷ፦ ሥራ ሲሸጥ ክሪኤቲቭ ግሮውዝ ግማሹን ለአርቲስቱ ይሰጣል፤ ሌሎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። የንግድ ጋለሪም በአብዛኛው ከዚህ አይለይም። ገንዘቡ ድሮ ትንሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ገበያው ነቅቷል። የሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከክሪኤቲቭ ግሮውዝ አርቲስቶች ብቻ ከ100 በላይ ሥራዎችን ለስብስቡ ወስዶ፣ በ2024 ለማዕከሉ 50ኛ ዓመት ዐውደ ርዕይ ከፍቷል።

እሳቸው፦ ቦርዱ ላይ ሥዕል ሰብሳቢዎች ይቀመጣሉ?

እሷ፦ በሥነ ጥበብ ድርጅት ቦርድ ሰብሳቢና የጋለሪ ሰው የተለመደ ነው። ዕውቀትም ገንዘብም ያመጣሉ።

እሳቸው፦ ሌላም ያመጣሉ። የአንዱን አርቲስት ሃያ ሥራ በርካሽ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው፣ ቦርድ ላይ ተቀምጦ «ዘንድሮ እሱን እናስተዋውቅ» ቢል ለማን እያሰበ ነው? የማዕከሉ ውሳኔ የሳሎኑን ግድግዳ ዋጋ ያንረዋል። መስረቅ አይባልም፤ ሂሳቡም ይዘጋል። ግን ድምፅ መስጠት የለበትም።

እሷ፦ የጥቅም ግጭት መግለጫ በየዓመቱ ይሞላሉ።

እሳቸው፦ ቅጹን ተይው፤ እኔ ቅጽ ሲሞላ ሳይ ነው የኖርኩት። ክርክሩ ሲጀመር ተነስቶ ከክፍሉ ይወጣል ወይ? መውጣቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል ወይ? በይ ቀጥዪ፤ ያ አርቲስት ግማሹን ተቀበለ። ባንክ ያስገባዋል?

እሷ፦ ጉዱ እዚህ ነው። ብዙዎቹ አርቲስቶች ኤስኤስአይ የሚባለውን የፌዴራል ድጎማ ይቀበላሉ። ድጎማውን ለማግኘት አንድ ሰው በእጁ ያለው ንብረት ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። ቤትና መኪና አይቆጠሩም፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ይቆጠራል።

እሳቸው፦ ሁለት ሺህ? በዚህ ኑሮ?

እሷ፦ ቁጥሩ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። አርቲስቱ አንድ ጥሩ ሥራ ቢሸጥ ድጎማውን ሊያጣ ይችላል፤ ከድጎማው ጋር የተያያዘው ሕክምናውም አብሮ ሊነካ ይችላል። በ2014 በወጣ ሕግ ኤብል የሚባል የቁጠባ ሒሳብ ተፈቀደ፤ እዚያ የገባ ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ አይቆጠርበትም። ልዩ የአደራ ሒሳቦችም አሉ። ግን ይህን ለአርቲስቱ ማን ነው የሚነግረው? ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ያላሰበበት ማዕከል ሥዕል ሸጦለት ሰውዬውን ያደኸየዋል።

እሳቸው፦ ሥዕል በመሸጥ መደኽየት! ይህን አገር ቤት ብናገር ማንም አያምነኝም።

እሷ፦ አሁን ሁለቱን ያጋጥሟቸው። ቦርዱ «አባል ለመሆን በዓመት ይህን ያህል ሺህ ዶላር ስጥ ወይ አምጣ» ይላል። መንግሥት ደግሞ ለአርቲስቱ «ከ2,000 በላይ እንዳይኖርህ» ይላል።

እሳቸው፦ ስለዚህ ቤቱ የተሠራለት ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳይመክር በሁለት በኩል ተዘግቷል። ማንም «አትግባ» አላለውም፤ ደንቡ ብቻውን አስቀረው።

እሷ፦ ከደብዳቤው ጋር ከመጡት ወረቀቶች መጀመሪያ ያነበብኩት ይህን አንቀጽ ነው። ካልተለወጠ አልቆይም ብያለሁ።

እሳቸው፦ ይለወጥ፣ መልካም። ገንዘብ የሌለው ምን ያዋጣ?

እሷ፦ ስቱዲዮ ውስጥ የዋለበትን ቀን። ሌላው አባል የሌለው እሱ ነው።

እሳቸው፦ በእድርም ድሀ በጉልበቱ ይከፍላል፤ ድንኳን ይሸከማል፣ መቃብር ይቆፍራል። ማንም ግማሽ አባል አይለውም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንዳትቆጪ። የሂሳብ ሚዛን ማንበብ የማይችል ሰው ቦርድ ላይ ምን ያደርጋል? ቦርድ በሕግ ተጠያቂ ነው። ገንዘቡ ቢጠፋ «አልገባኝም ነበር» አያድንም።

እሷ፦ ከሌሎቹ አባላት ስንቶቹ ያነቡታል? በእውነት ይንገሩኝ። ጠበቃዋ ታነባለች? ባለ ጋለሪውስ?

እሳቸው፦ ከአሥር ሁለቱ። ስምንቱ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

እሷ፦ የእድርዎ አባላትስ? ሁሉም የተማሩ ነበሩ?

እሳቸው፦ ግማሾቹ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ወይዘሮዎቹ አንድ ሳንቲም ብትጎድል ያውቁ ነበር። እንዴት መሰለሽ፤ ሂሳቡን ወረቀት አንስቼ አልበትንም። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ። ድንኳን ይህን ያህል፣ ወንበር ይህን ያህል፣ ለእገሊት ለቅሶ ይህን ያህል። «ተመለስ፣ የወንበሩን ድገመው» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። ያልገባው ሰው ካለ አላሳልፈውም ነበር።

እሷ፦ አዩ፣ እዚህ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አጀንዳው በአጭር ዓረፍተ ነገርና በሥዕል ይዘጋጃል። ከስብሰባው በፊት አርቲስቱ ከሚያምነው ሰው ጋር ተቀምጦ ያነበዋል። ስብሰባ ላይ ቀይ ካርድ ይሰጠዋል፤ ሲፈጥኑበት ያነሳዋል፣ ሁሉም ይቆማሉ። ቀይ ካርዱን መጀመሪያ የሚወዱት ደግሞ ሌሎቹ አባላት ናቸው፤ እነሱም አልገባቸውም ነበራ።

እሳቸው፦ እኔም አንድ ቢኖረኝ ደስ ይለኛል። ፓርላማም ቢታደል።

እሷ፦ ካሊፎርኒያ ይህን በከፊል ሕግ አድርጋዋለች። የላንተርማንን አገልግሎት የሚያስተዳድሩ 21 የክልል ማዕከሎች አሉ፤ ለእንዲህ ያሉ ስቱዲዮዎችም የሚከፈለው ገንዘብ በእነሱ በኩል ያልፋል። ከእነሱ ቦርድ ቢያንስ ግማሹ የዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ወይም ወላጆቻቸውና ሞግዚቶቻቸው መሆን አለባቸው። ቢያንስ ሩቡ ደግሞ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው። ማዕከሉም ሥልጠናና ድጋፍ የመስጠት ግዴታ አለበት።

እሳቸው፦ ሩቡን ለይተው ማስቀመጣቸው ብልህ ነው። ባይለዩት ግማሹን ወላጆች ይሞሉት ነበር።

እሷ፦ ለሥነ ጥበብ ማዕከሎቹ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ያላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጠቅላላ ሕግ ነው፤ እሱም ከቦርድ አባላት ከ49 በመቶ በላይ ከድርጅቱ ክፍያ የሚቀበሉ እንዳይሆኑ ይከለክላል።

እሳቸው፦ ጥሩ ሕግ ነው። ባይኖር ሰው ራሱን ቀጥሮ ደመወዙን ራሱ ይጨምራል።

እሷ፦ ጥሩ ነው። ግን አርቲስት ቦርድ ይግባ ሲባል «ከእኛ ገንዘብ ይቀበላል እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። የሥዕሉ ድርሻ ለአገልግሎት የተከፈለ ክፍያ ነው ወይስ የገዛ ንብረቱ ሽያጭ? ለጠበቃ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ክፍያ ነው ቢባል እንኳ 49 በመቶ ማለት ከአሥራ አንድ አባላት አምስቱ አርቲስቶች መሆን ይችላሉ ማለት ነው። ሕጉን እንደ ሰበብ ከሚጠቅሱት ቦርዶች አምስት ያስቀመጠ አላየሁም።

እሳቸው፦ አንዲት ሴትዮ እድራችን ውስጥ «ደንቡ አይፈቅድም» ለሚላት ሁሉ «አንብብልኝ» ትል ነበር። አንቀጹ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ፤ ያዢው ብዬሽ ነበር። ሰውዬው መናገር የማይችል ቢሆንስ? ጁዲት አትሰማም፣ አትናገርም፣ አትጽፍም። ቦርድ ላይ ብትቀመጥ ምን ትላለች? እህቷ ጆይስ ባትናገርላት ማን ሊናገርላት?

እሷ፦ ጆይስ ባትኖር ጁዲት ስቱዲዮ ደጃፍ አትደርስም ነበር፤ አልክድም። ግን ጁዲት እንዴት እንደ ወሰነች ያስቡ። የማትፈልገውን አትነካም፤ ሥራው ሲያልቅ ከፊቷ ገፋ ታደርገዋለች። አዎና አይ ነበራት። የምትጨርሰው እሷ ናት እንጂ ሠራተኛው አይደለም። የሰው ውሳኔ ሁሉ በእጅ ማውጣት አይገለጽም። በ2023 ሥራ ላይ የዋለ የካሊፎርኒያ ሕግም ሰው በሚያምናቸው ረዳቶች ታግዞ የራሱን ውሳኔ እንዲወስን ዕውቅና ሰጥቷል፤ መብቱን ለሞግዚት ከማስረከብ በፊት ይህ ይታያል።

እሳቸው፦ እኔ ግን እፈራለሁ። ረዳቱ የራሱን ሐሳብ በእሷ አፍ ቢናገርስ? ከሞግዚት በምን ተሻለ? ሞግዚት ቢያንስ ስሙ ተጽፎ ይጠየቃል።

እሷ፦ ይህን ፍርሃት አላጣጥልብዎትም፤ ትክክል ነው። ለዚህ ነው ረዳቱ ከቦርዱም ከሥራ አስኪያጁም ሌላ ሰው መሆን ያለበት። ከሠራተኞቹ አንዱ ከሆነ ደመወዙን የሚከፍለውን ሰው ተቃወም ልትለው ነው።

እሳቸው፦ እና ማን ይከፍለዋል?

እሷ፦ ማዕከሉ፤ ግን በበጀት ተለይቶ፣ ከሥራ አስኪያጁ ሥልጣን ውጪ።

እሳቸው፦ ፍጹም አይደለም። ግን ይሻላል። ኢትዮጵያ ስለዚህ ነገር የፈረመችው ስምምነት አለ መሰለኝ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት።

እሷ፦ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃዋለች። አሜሪካ ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም፤ በ2012 ሴኔት ቀርቦ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጣ። አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛው የፈጠራ ችሎታውን እንዲያዳብር ዕድል ይሰጠው ይላል፤ ለራሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም መበልጸጊያ።

እሳቸው፦ እኛ አጽድቀን ደረጃ እንሠራለን፤ እነሱ ሳያጽድቁ ራምፕ ይሠራሉ። የሕንፃ አዋጃችንም አካል ጉዳተኛ እንዲገባ ያዛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ የሌለውን ባንክ ፈልጊ።

እሷ፦ ቢሆንም አዲስ አበባ ባዶ እጇን አይደለችም። አዱኛ የሚባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ነበር። አካል ጉዳተኞችንና ጉዳት የሌለባቸውን ዳንሰኞች አብሮ በማሠራት የሚታወቀው እንግሊዛዊ አዳም ቤንጃሚን ከእነሱ ጋር ሠርቷል፤ አካል ጉዳተኞች የሚጨፍሩበት ቡድንም ከዚያ ወጥቷል። የጎደለን ችሎታ አይመስለኝም፤ ውሳኔ የሚሰጥበት ወንበር ነው።

እሳቸው፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ፣ በእኛ አቆጣጠር የ2011ዱ፣ ከአንድ በላይ መንገድ ይሰጣል። አንዱ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ የሚመሩት ማኅበር ነው፤ ሌላው በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው። እኔ ብሆን አርቲስቶቹን አባል አድርጌ ማኅበሩን እመርጣለሁ። ጉባኤው ይርዘም፣ ይንጫጫ፤ ቀባሪና ተቀባሪ አንድ ላይ ይቀመጡ።

እሷ፦ እዚህ ያለው ማዕከል ግን ዱሮ በቦርድ ተቋቁሟል፤ ያለውን ይዤ ነው የምገባው።

እሳቸው፦ እሺ፤ ከመግባትሽ በፊት ዓመታዊውን የግብር መግለጫ አንብቢ። እዚህ አገር ለሕዝብ ክፍት ነው አሉ።

እሷ፦ ቅጽ 990። የቦርድ አባላት ስም፣ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ፣ ገቢና ወጪው ሁሉ አለበት።

እሳቸው፦ ለአርቲስቶች የተከፈለውን ከሽያጩ ጋር አስተያዪ። ግማሽ የሚሉት በእርግጥ ግማሽ መሆኑን፣ መቼ እንደሚከፈልም ጠይቂ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ ያ የሰው ገንዘብ በእነሱ ባንክ እየከረመ ነው። አሁን ቦርዱ ላይ ስንት አርቲስት አለ?

እሷ፦ አንዲት ሴት። ገና ዘንድሮ ነው የገባችው፤ ሙሉ ድምፅ አላት።

እሳቸው፦ አንድ ብቻ? ሐሳብ ብታቀርብ ማን ይደግፍላታል? በእኛም ደንብ በእነሱም ደንብ፣ ደጋፊ ያላገኘ ሐሳብ ለውይይት አይቀርብም።

እሷ፦ እኔም ይህን አስቤ፣ የሰጡኝን ወንበር ለሌላ አርቲስት ስጡት ልላቸው ነበር።

እሳቸው፦ እንዳታደርጊው። አንቺ ወጥተሽ ወንበሩን ለባለ ጋለሪው ወንድም ይሰጡታል። ግቢ። በመጀመሪያው ስብሰባ ቢያንስ ሦስት ወንበር ለአርቲስቶች ይለይ፣ የመዋጮው አንቀጽም ለእነሱ አይሥራ ብለሽ ሐሳብ አቅርቢ።

እሷ፦ የእኔንስ ማን ይደግፈዋል? አዲስ ገቢ ነኝ፤ አንዱንም አላውቃቸው።

እሳቸው፦ እሷ ናታ! አንዲት አለች አላልሽኝም? አንቺ አቅርቢ፣ እሷ ትደግፍ፤ ወይ እሷ ታቅርብ፣ አንቺ ደግፊ።

እሷ፦ እንግዲያው አስቀድሜ ስቱዲዮ ሄጄ ላነጋግራት። ሐሳቡን ላትወደውም ትችላለች።

እሳቸው፦ ካልወደደችው ሌላ ሐሳብ ይኖራታል፤ እሱን ትደግፊያለሽ። መቼ እንደሚመቻት ግን እሷን ጠይቂ፤ ሥራ ላይ ከሆነች ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።